ሰማያዊዋ መኪና እንዴት ተገጨች

የተጨማደደ መኪና ሲያቃና ሠላሳ ስምንት ዓመት የኖረው ሰው፣ ጡረታ በወጣ በአራተኛው ወር መኪና መጨማደድ ጀመረ።

ጋራዥ ውስጥ በእናት በአባቱ ስም የሚጠራው አልነበረም። «እንደነበረ» ነበር የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ደንበኞች ናቸው። ሰው ፊቷ የተደረመሰ መኪና አስጎትቶ መጥቶ፣ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ «ጉድ ሆንኩ» ሲል፣ እሱ መኪናዋን አንዴ ይዞራትና «እንደነበረ ይሆናል» ይላል። ከዚያ በላይ ቃል አይወጣውም። ማን ገጨህ፣ የት ስትሄድ ነው፣ ቀምሰህ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። ያ የትራፊክ ፖሊስና የኢንሹራንስ ሥራ ነው፤ የእሱ ሥራ ላሜራ ነው። ደግሞም እንዳለው ይሆናል። አንድ ደንበኛማ መኪናው የተገጨበትን ቦታ ቢፈልግ ቢፈልግ አጥቶ፣ «ይሄ ሰውዬ ምንም አልሠራም» ብሎ ለጋራዡ ኃላፊ ከሶታል።

ወገቡ እምቢ ሲለው ጡረታ ወጣ። ቤት መዋል ግን አላወቀበትም። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሥራዋን የምትሠራው እዚያው ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ነው። እሱ ደግሞ ደህናውን የበር ማጠፊያ ሲያጠባብቅ፣ የማያንጠባጥብ ቧንቧ ሲፈታ፣ ያልጮኸ ወንበር ዘይት ሲቀባ ይውላል። አንድ ቀን ለደንበኛ የተሰፋ ነጭ ቀሚስ ላይ አምስት ጥቁር ጣት አሳረፈበት።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችው ቀሚሱን ወደ ብርሃን አንስታ፤ «ወይ አንተ ሥራ ፈልግ፣ ወይ እኔ ጋራዥ ልግባ።»

ይህን የሰማች ልጃቸው በሚቀጥለው እሁድ አንድ ካርቶን ይዛ መጣች። ልጅቷ ትዳር ይዛ የወጣች፣ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የጉዳት ገማች ናት። የተገጨ መኪና ዞራ አይታ፣ ፎቶ አንስታ፣ በምን እንደተገጨ ጽፋ ትፈርማለች። አባት ዕድሜ ልኩን ሲያጠፋ የኖረውን፣ ልጅ ትመዘግባለች ማለት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ተገጣጣሚ ሞዴል መኪና ነበር፤ ከእውነተኛው ሃያ አራት ጊዜ የሚያንስ፣ ከነመሪው፣ ከነስፖኪዮው፣ ከስንጥር የሚቀጥኑ መጥረጊያዎቹ እንኳ ያልቀሩበት።

በሦስት ቀን ገጣጥሞ ቀባው። እንከን አይወጣለትም። መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ አንድ ሳምንት ሙሉ እያለፈ እያገደመ አየው።

«አልወደድከውም እንዴ አባዬ?» አለችው ልጁ።

«መኪና አይመስልም።»

«ምን ጎደለው?»

«አዲስ ነው። አዲስ መኪና እኔ ጋ መጥቶ አያውቅም።»

በማግስቱ መዶሻ አነሳ። ፕላስቲክ ግን ላሜራ አይደለም፤ አንዴ ቢመታው እንደ ብርጭቆ ተበተነ። ሁለተኛ ሞዴል ገዝቶ በሻማ አሞቀው፤ ጣሪያው ቀልጦ ወንበሩ ላይ ተኛ። ይህ መኪና በምድጃ ላይ ተረስቶ የተገኘ እንጂ የተገጨ አይመስልም። በሦስተኛው ጠባዩን አወቀው። ፕላስቲኩን ከውስጥ በኩል ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ መፋቅ፣ በባለቤቱ ፀጉር ማድረቂያ ለስለስ ማድረግ፣ ከዚያ በማንኪያ እጀታ ቀስ ብሎ መግፋት ነው። በጣም ለተጨማደደው ቦታ ደግሞ ያለቀ የጥርስ ሳሙና ቆርቆሮ ሰንጥቆ አጥቦ ይለጥፍበታል፤ እሱ እንደ እውነተኛ ላሜራ ይታጠፋል።

ያስቸገረው እጁ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የለመደ እጅ ጎድጓዳ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ኮፈኑን አጣሞ፣ ሙጫው እስኪደርቅ ሌላ ነገር እያሰበ ቁጭ ሲል፣ ጣቱ ሳያስበው የተጣመመውን ጠርዝ ሲያቃና ያገኘዋል። አንዴ እንዲያውም ጉዳቱን ስቱኮ ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ከጨረሰ በኋላ ነው የነቃው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስቱኮውንና ብርጭቆ ወረቀቱን ባለቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፍበት ጀመር።

ዝገቱ ግን በአንድ ጊዜ ተሳካለት። ዝገትን እንደ እሱ የሚያውቀው የለም። ሌሎች ሞዴል ሠሪዎች ቡናማ ቀለም ጣሪያው ላይ ሁሉ ይደፋሉ፤ እሱ ግን ዝገት ውሃ ከሚያድርበት እንደሚነሣ ያውቃል፤ ከበሩ ታችኛው ጠርዝ፣ ከጎማው በላይ ካለው እጥፋት፣ ከመስታወቱ ጎማ ሥር። መጀመሪያ የዝገት ቀለም ይቀባል፤ አርጥቦ የገበታ ጨው ነስነስ ያደርግበታል፤ በላዩ የመኪናውን ቀለም ይረጫል። ሲደርቅ ጨውን በጣቱ ሲያራግፈው ቀለሙ እየተላጠ ይነሣና ከሥሩ ዝገቱ ብቅ ይላል። ለዱቄቱ ደግሞ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ በአቼቶ ዘፍዝፎ መስኮት ላይ አኖረ።

«ይህ ጠርሙስ ምንድን ነው?» አለች ባለቤቱ።

«ዝገት ነው።»

«ቤታችን ውስጥ ዝገት ታረባለህ?»

«ትንሽ ነው።»

ልጁ እሁድ እሁድ ስትመጣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ መደርደሪያውን ትገመግማለች። «ይሄ ውሸት ነው። ፊቱ ይህን ያህል ገብቶ በሩ እንደ ልቡ ይከፈታል? በሩ መንከስ ነበረበት።» እሱም ይከራከራል፣ ይሸነፋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት በሩ ይነክሳል። አባትና ልጅ ሠላሳ ስድስት ዓመት «በላሽ?» «በላሁ» ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች፣ አሁን ስለ አንድ የታጠፈ ፓራውልት ሁለት ሰዓት ያወራሉ። ባለቤቱ መስኮቱ ሥር እየሰፋች ትሰማለች። ለነሱ እንጂ ለመኪናዎቹ ብዙም ግድ አልነበራት።

እንዲህ እያለ የከተማው ሞዴል ሠሪዎች ማኅበር በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጅ ነው ተባለ። «የተጎዱና የተጣሉ» የሚል ምድብ አለው። ደንቡ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ መኪና ምን እንደደረሰበት የሚገልጽ ካርድ ከፊቱ ይቀመጣል።

እንደነበረ ሲያስብ ሰነበተና የራሱን መኪና ለመሥራት ወሰነ።

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሰማያዊ መኪና ነበረችው። በሳምንቱ ቀን ጋራዥ የሚሄደው በአውቶቡስ ነው፤ መኪናዋ ደጅ ትቆማለች። አንድ ሰኞ ከሥራ ሲመለስ ባለቤቱ በር ላይ ጠበቀችው። «ደጅ እንደቆመች አንድ የጭነት መኪና ከኋላ ገጭቷት ሄደ። እየሰፋሁ በመስኮት አየሁት» አለችው። «ምን ዓይነት?» ቢላት፣ ትንሽ አሰብ አድርጋ «አረንጓዴ» አለች። እሱም እንደ ልማዱ ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ሦስት ፎቶ አነሳ፣ ጋራዥ ወሰዳት፣ ዓርብ ከሥራ በኋላ ነድቶ መለሳት። እንደነበረ ሆና ነበር።

ለአረንጓዴ የጭነት መኪና ግን ቂም ያዘ። ከዚያ ወዲያ አረንጓዴ የጭነት መኪና ለጥገና ሲመጣ «ወረፋ አለ» ይላል። ወረፋ በሌለበት ቀንም ይላል። ቀይና ነጩ በሦስት ቀን ሲወጣ አረንጓዴው ሁለት ሳምንት ግንብ ሥር ይቆማል። ሾፌሮቹ ለምን እንደሆነ ሳያውቁት ይለምኑታል።

ሦስቱን ፎቶዎች ከአልበም አውጥቶ ሥራ ጀመረ። ቀለሙን አገኘው፤ የታርጋውን ብሎን እንኳ አልረሳም። ኋላዋን መጨማደድ ላይ ሲደርስ ግን ነገር ተበላሸ። አንዲት ጣውላ በልኳ ቆርጦ የጭነት መኪና ፓራውልት አደረጋት፤ በለሰለሰው ፕላስቲክ ላይ ገፋት። ጣውላዋ የኋላ ኮፈኑን ከላይ በሰፊው ደፈጠጠችው፣ ሁለቱንም መብራት ሰበረች። ፎቶው ላይ ያለው ጉዳት ግን ዝቅ ያለ፣ ጠባብ፣ ከታች ወደ ላይ እንደ ሱሪ ተኩስ ቀጥ ብሎ የወጣ እጥፋት ነው። መብራቶቹም ደህና ናቸው። ጣውላዋን ዝቅ አደረጋት፤ አልሆነም። አጠበባት፤ አልሆነም። ሦስት የኋላ ኮፈን አበላሸ። ነገሩ ከነከነው፤ ፕላስቲኩን ጠረጠረ፣ ፀጉር ማድረቂያውን ጠረጠረ። የጠረጠረው ነገር ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

እሁድ ልጁ መጣች። ከተበላሹት መካከል ወደ ፎቶው ይበልጥ የቀረበውን አንስታ በመስኮቱ ብርሃን ገለባበጠችው።

«ምሰሶ ነው» አለች።

«ምኑ ነው ምሰሶ?»

«የመታው። ሲነዳ ወደኋላ ሄዶ ምሰሶ መትቷል። በሳምንት አራት አየዋለሁ አባዬ። ሁሉም ‘ቆሜ ሳለ የጭነት መኪና ገጨኝ’ ይሉኛል። የጭነት መኪና እንዲህ ዝቅ ብሎ አይመታም። የማን መኪና ነው?»

«የኛ ሰማያዊዋ።»

ልጅቷ መኪናውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በመሥሪያ ቤቷ እንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች፤ በእናቷ ቤት ምን እንደሚደረግ ግን አታውቅም። መስኮቱ ሥር ሲንደቀደቅ የነበረው የስፌት መኪና ቆመ።

«ቢጫ ነበር» አለች ባለቤቱ፣ ፊቷን ሳታዞር።

«ምኑ?» አለ እሱ።

«ምሰሶው።»

ባለቤቱ የክር መሳቢያዋን ሳበች። ከአዝራሩና ከዚፑ ሥር አንድ መንጃ ፈቃድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ፎቶው የእሷ ነው፤ ፀጉሯ ገና ጥቁር። ከወጣ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ቀን ቤታቸው እንግዳ ሞልቶ ሳለ «እኔም መኪና መንዳት ልማር ይሆናል» አለች። እሱ መስኮቱ ሥር ወዳለው የስፌት መኪና ጠቆመና «አንቺማ የራስሽ መኪና አለሽ፤ ነዳጅ እንኳ አይጠይቅ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። በሚቀጥለው ወር ግን መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ተመዘገበች። እሱ ጋራዥ ሲሄድ እሷ ትማራለች፤ እሱ ሳይመለስ እሷ ስፌቷ ላይ ትቀመጣለች። በሦስት ወር ጨረሰች፣ በመጀመሪያው ፈተና አለፈች። እሱ ያለፈው በሦስተኛው ነበር።

«የዚያን ዕለት ሰኞ ጠዋት ነው ፈቃዱን የሰጡኝ» አለች። «ቁልፉን አነሳሁ። ጋራዥህ በር ድረስ ነድቼ መጥቼ ክላክስ ላደርግልህ ነበር። ወጥተህ እንድታየኝ ብዬ። መድኃኒት ቤቱ ጋ መታጠፊያውን አለፍኩት። ልመለስ ብዬ ወደኋላ ስሄድ ነው ምሰሶውን የመታሁት።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቅዳሜ ልነግርህ ነበር። አስቤበት ጨርሼ። ከምሳ በኋላ፣ ደጅ አውጥቼህ፣ የተጨማደደውን እያሳየሁህ። አንተ ዓርብ ጨረስካት። ቅዳሜ ጠዋት ወጥቼ ዞሬ አየኋት፤ ምንም የላትም። ምኑን አሳይቼ ልናገር? እኔ ራሴ እንኳ የነዳሁት በሕልሜ ነው ወይ አልኩ።»

እንደነበረ ሞዴሏን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳ።

«በስንተኛ ማርሽ ነበርሽ?» አለ በመጨረሻ።

«በኋላ ማርሽ ነዋ!»

«ፍጥነቱን ማለቴ ነው።»

«ከሰው እርምጃ አይበልጥም።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ተነሣና ምሰሶ የሚሆን ነገር ፍለጋ ቤቱን ይፈትሽ ገባ። የእርሳስ ውፍረት ልኩ ሆኖ ተገኘ። ቢጫ ቀለም ቀብቶ ሳንቃ ላይ ተከለው። አራተኛውን የኋላ ኮፈን ከውስጥ ፋቀው፣ ፀጉር ማድረቂያውን ያዘበትና ሲለሰልስ መኪናዋን ወደ ምሰሶው ሊገፋ እጁን ሰነዘረ።

«እንደሱ አይደለም» አለች ባለቤቱ ከኋላው መጥታ። «መሪውን ወደ ግራ ጠምዝዤ ነበር። አምጣ።»

ተቀበለችው። መኪናዋን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ትንሽ ወደ ግራ አጣማ፣ በሰው እርምጃ ወደኋላ አስኬደቻት። ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሲያነሷት ጠባቡ እጥፋት ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ መብራቶቹ ደህና ናቸው። ፎቶውን አጠገቡ አደረጉት። ልጅቷ አንዱን ከአንዱ እያስተያየች ሁለት ጊዜ አየች፤ እርማት አላገኘችበትም።

«እንዲህ ነበር» አለ እሱ።

«አውቃለሁ» አለች ባለቤቱ፤ ወደ ስፌቷም ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ያህል እንደነበረ ሞዴሎቹን አልነካም። አልተቆጣም። ያሳሰበው ሌላ ነገር ነው። አንደኛ የአረንጓዴዎቹ ጭነት መኪናዎች ሾፌሮች ናቸው። ስንቱን ሰው ለሁለት ሳምንት ከሥራው እንዳስተጓጎለ በልቡ ሊቆጥር ሞከረ፤ ሃያ ላይ ሲደርስ ተወው። አንዱ እንዲያውም ዕንባ አውጥቶ የለመነው ነበር፤ «ወረፋ ነው ወንድሜ» ብሎ ፊቱን አዞረበት። ሁለተኛው ያ ቀልድ ነው። እሱ የሚያስታውሰው ሳቁን ብቻ ነበር። እንዲያውም ጋራዥ ሄዶ ሁለት ጊዜ ደግሞታል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከስፌት መኪናው አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ያ ያልኩት… የመኪናው ነገር… ቀልድ ነበር።»

«አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ስቋል።»

«አንቺም ስቀሻል።»

«እኔም ስቄያለሁ።»

ባለቤቱ አንድ እጅጌ ሰፍታ ጨረሰች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። እሱ አልተነሣም።

«ጥሩ ቀልድ አልነበረም» አለ።

«አልነበረም» አለች። ሁለተኛውን እጅጌ አነሳችና ጫፉን ሰጠችው። «ያዝልኝ፤ አትጎትተው።»

ያዘላት።

ለኤግዚቢሽኑ ካርዱን ሲጽፍ እንዲህ አለ፤ «ሰማያዊ የቤት መኪና። ወደኋላ ስትነዳ ቢጫ ምሰሶ የመታች። ጉዳቱን ያደረሰችው ባለቤቴ፣ ሞዴሉን የሠራሁት እኔ።» ባለቤቱ አነበበችና እርሳስ ጠየቀች። «ባለቤቴ» ከሚለው በፊት «መንጃ ፈቃድ ያላት» የሚል ጨመረችበት።

አዳራሹ ውስጥ ሌሎቹ መኪናዎች ሁሉ ከጎማ እስከ ጣሪያ ዝገው ነበር። የሱም ሌሎች ሥራዎች ቢሆኑ ዝገት አያጡም፤ ቤት ትቷቸው መጣ እንጂ። ዳኛው በሙያው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ሰማያዊዋን ለረጅም ጊዜ መረመራት።

«ጋሼ፣ እጥፋቱ ግሩም ነው። ግን ዝገቱ የታለ?»

«በአምስተኛው ቀን ተጠግናለች። ለመዛግ ጊዜ አልሰጠኋትም።»

ዳኛው ይህን መዝገቡ ላይ ጻፈው። አንደኛ የወጣው ጣሪያው ላይ ሣር የበቀለበት፣ መሪው ላይ ዶሮ የተቀመጠች ፒክአፕ ነው። ሰማያዊዋ ሦስተኛ ወጣች። ከምስክር ወረቀቱ ጋር «ጉዳቱ አሳማኝ ነው፤ ዝገት ይጎድለዋል» የሚል አስተያየት ተያይዞ ነበር። እንደነበረ ሁለት ጊዜ አነበበው። «እውነቱን ነው» አለ።

በዚያ ሰሞን ባለቤቱ መንጃ ፈቃዷን ልታሳድስ ሄደች። ዓይኗን መረመሯት፤ መርፌ ላይ ክር ስትከት የኖረች ሴት ሰሌዳው ላይ ያለውን እስከ መጨረሻው መስመር ወረደችበት። አሠልጣኝ ይዛ አሥር ጠዋት ተለማመደች። አሁን ያለቻቸው ነጭ መኪና ትንሽ ናት፤ ወንበሩን አስጠግታ፣ ስፖኪዮውን ወደ ራሷ አዙራ ተቀመጠችባት።

ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋ ሞዴሏን ለመውሰድ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የነዳችው እሷ ናት። እንደነበረ በራሱ መኪና በተሳፋሪው በር ገብቶ አያውቅም። የቀበቶው መያዣ እንደላላ፣ በፊቱ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ካልገፉት እንደማይዘጋ ያን ቀን ነው ያወቀው። እግሩን የት እንደሚያኖር ጨነቀው፤ ሦስት ጊዜ በሌለ ፍሬን ላይ ቆመ። ቀስ ብላ ስለምትነዳ ከኋላ ያለው ክላክሱን ያንባርቅባታል።

«ልውረድና ላናግረው?» አለ እሱ ዞሮ እያየ።

«ተወው፣ ቸኩሎ ነው።»

ሲመለሱ ሞዴሏን በካርቶን አድርጎ ጭኑ ላይ በሁለት እጁ ያዛት። ከዋናው መንገድ መጋጠሚያ ላይ ቆሙ። አንገቱን አስግጎ ግራ ቀኙን አየ።

«ነፃ ነው፣ ሂጂ» አላት።

አልሄደችም። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ ደግማ ወደ ግራ አየች። አንድ ብስክሌት አሳለፈች። ከኋላ ሁለት መኪና ክላክስ አደረገ። እሱም አፉን ሊከፍት ነበር፤ ግን ፊቷን አየና ካርቶኑን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። መንገዱ ነፃ መሆኑን በራሷ ዓይን ካረጋገጠች በኋላ ማርሽ አስገባችና ታጠፈች።